ሣሩ እንዳይደርቅ

ስማቸውን አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው መናፈሻ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ እኚህ አሮጊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይመጣሉ። ሌላው ሰው «ሣር ለማየትም ይከፈላል እንዴ?» እያለ ያመናጭቀኛል። እሳቸው ግን ከመቀነታቸው ጫፍ ሃያ ብር ፈትተው ዝም ብለው ይሰጡኛል።

ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮችን ቀና ብለው አያዩም፤ ወንበርም አይፈልጉም። የላስቲክ ጫማቸውን ሣሩ ጠርዝ ላይ ያወልቁና አጥሩ ጥግ ካለችው ግራዋ ሥር መሬት ላይ ይቀመጣሉ። አንዲቱን ቦታ ብቻ በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆይተው ይሄዳሉ።

ዛሬ አላስቻለኝም። «እማማ፣ እርስዎ እንኳ በነጻ ይግቡ» አልኳቸው።

«ጓሮዬ ነበር» አሉኝ ወደ ግራዋዋ እያዩ። «ለመናፈሻ ሲፈለግ ካሳ ሰጥተው አስነሡን። የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ሳትጠመቅ ሞተችብኝ። ያልተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ እዚያች ሥር ቀበርናት። ለእንዲህ ያለች ለቅሶ የሚደርስም የለ።»

«ይኼ የምትቀበለን ብር ግን ለምን ይውላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለሣሩ ማጠጫ ነው።»

«እንግዲያው ተቀበለኝ፣ ልጄ። እንዳይደርቅባት።»

ተቀበልኳቸው። ከመግቢያው በተጠራቀመው ብር ያ የግራዋዋ ጥግ ሰኞ ለመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ እንደሚቆፈር አለቃዬ ትናንት ነግሮኛል። ትኬታቸውን ቆርጬ ሰጠኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መረቁኝና ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ።