ዘይት ሁሉ አንድ መስሎት

ዛሬ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ማርሽ ከማስገባቱ በፊት ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ ረገጠው። ድምፁን ስሰማ የፊቴን ወንበር ጨበጥኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ በወባ የነደደ ዕለት፣ የአባቴ ፒክአፕ ፍሪሲዮን ተረግጦ ወለሉ ላይ ቀረ። ሐኪሙ ቶሎ ደብረ ብርሃን አድርሱት ብሏል፤ ሌላ መኪና አልተገኘም። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ኮፈኑን ከፍተው የዘይቱን ዕቃ በጣታቸው ነኩና አሸተቱ።

«ማነው የሞተር ዘይት የጨመረበት?»

«እኔ ነኝ፤ ዘይት ጎድሏል ሲሉኝ...» አለ አባቴ።

«ዘይት ሲሉህ የፍሬን ዘይት ነዋ! ይሄ እኮ ውስጥ ያለውን ጎማ አሳብጦ ነው የሚበላው። ወጥ ልትሠራበት ነበር እንዴ?»

እናቴ ወንድሜን በነጠላዋ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ሰይድ ዘይቱን ቀይረው ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር አስወጡ፤ ፔዳሉ በግማሽ ተመለሰ። ከዚያ አባቴን ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ግን ሰማሁ።

«ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ የሚጠጡት ከአንድ ዕቃ ነው። ዳገቱን ኢንሻአላህ ትወጣዋለህ፤ እኔ የምፈራው መውረዱን ነው።»

አባቴ ሞተሩን አስነሳ።

ከቀናት በኋላ ሦስቱም ተመለሱ። መኪናው ግን አብሯቸው አልመጣም። የደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ምን እንዳገኛቸው ስጠይቅ አባቴ ወሬ ይቀይራል። ትናንት ሻንጣዬን ስታስተካክልልኝ እናቴን እንደገና ጠየቅኳት።

«መጣን አይደል?» አለችና ፊቷን አዞረች።