ለጉባኤው የተመረጠው ግድግዳ

በንጉሡ ዘመን የግንባታ ዕቃ አዋቂዎች ከየአገሩ አዲስ አበባ ለጉባኤ ሲሰበሰቡ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። ያን ጊዜ ጉባኤው ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ነው፤ ሲከራከሩ እኔ አፌ ይደርቃል። አንድ ቀን ግን የጭቃ ቤት ማየት እንፈልጋለን ሲሉ ደስ አለኝና መካኒሳ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ጭቃውን፣ ጭዱን፣ ስንጥቁን ሊያዩ ነው። አደራ፣ እርስዎ ቤቱን ምንም እንዳይነኩት።»

«ገብቶኛል ልጄ» አሉኝ።

ምኑ ገባቸው! በማግስቱ እንግዶቹን ይዤ ስደርስ ቤቱ ኖራ ተቀብቶ እንደ ወተት ነጥቷል። አጎቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ደሜ ፈላ።

«ምነው ጋሼ፣ አልነገርኩዎትም?»

«እንግዳ እየመጣ ግድግዳዬን እንደዚያ እንደቆሸሸ ልተወው? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው እኔኑ ተቆጡ።

እንግዶቹ ኖራውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ወደ ጓሮ አለፉና የላሞቹን በረት አገኙ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ ጭዱ ገጥጧል፣ እበቱ ይሸታል። ደስታቸው ሌላ ነው! ግድግዳውን እየዳሰሱ ፎቶ አነሱ። አጎቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው በረት አስገብተህ አዋረድከኝ» ብለው አኮረፉኝ።

ከጊዜ በኋላ ሌላ ጉባኤ ተጠራ፤ እነዚህኞቹም ፎቶውን አይተው ኖሮ በረቱን አሳዩን አሉ። አጎቴን ለማስጠንቀቅ እየሮጥኩ ሄድኩ። ለካ ወሬው ቀድሞኛል። በረቱ ኖራ ተቀብቷል፤ ላሞቹ እንኳ ሳይቀሩ ታጥበዋል።