በአንድ እጅ የሚከፈት ቦርሳ

ባለቤቴ ከነሞተሩ የወደቀ ዕለት ስኳሩ ሲወርድ የሚበላው ተምር አብሮት ነበር። ከመቀመጫው ጀርባ በታሰረው ቦርሳ ውስጥ፣ ከፒንሳውና ከካቻቢቴው ሥር፣ በሁለት ዘለበት ተጠርቅሞ። ወደ ቤት ሲመለስ ስኳሩ ወረደበት፤ መንገድ ዳር ቆሞ ሊያወጣው ቢታገል ዘለበቱ አልፈታለት አለና ከነሞተሩ ወደቀ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደርሶ ለስላሳ ባያጠጣው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

«እጄ እንቢ አለኝ» አለኝ፣ የተላጠ ክርኑን ሳጥብለት።

ሥራው የእርሻ ውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ጠዋት ከምንኖርበት የካርቱም ሰፈር ከአል-ሳሃፋ ተነሥቶ በነጭ አባይ ዳር ወደ ጀበል አውሊያ ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ተው እንዳልለው የምንበላው ከዚያ ነው። አብሬው እንዳልሄድ እኔም የሰው ልጅ አሳዳጊ ነኝ፣ የእመቤቲቱን በር የማንኳኳበት ሰዓት አለኝ። አገሬ ብሆን ወንድሞቹን እጠራበት ነበር፤ እዚህ ማንን ልጥራ? በእጄ የቀረው ቦርሳው ብቻ ነበር። እንግዲያው ቦርሳውን እመርጣለሁ አልኩ።

ያን ዓመት የእኛ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ዓርብ ከሰዓት፣ ሱቆቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሲከፈቱ፣ ሱቅ ዐረቢ ወደሚሉት ገበያ ሄድን። የሞተር ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ ከንፈራቸው በጾም ደርቆ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያወጡልኝ ከኋላ የሚታሰር ጠንካራ ሳጥን ነበር።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይኼን ወላሂ ሌባ አይከፍተውም።»

«የቸገረኝ ሌባ አይደለም፤ መክፈት ያቃተው ባለቤቱ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ባሌ ግን ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። በግራና በቀኝ እንደ አህያ ጭነት የሚንጠለጠል፣ የሚያብለጨልጭ ጥንድ የቆዳ ቦርሳ ተሰቅሏል። አስወርዶ ዳበሰው።

«ይኼ እኮ ነው ቦርሳ!»

«አንዱ ማርሚታው ላይ ያርፍና ተምሩን ይጠብስልሃል። ሁለተኛ፣ ለመክፈት መውረድ አለብህ። ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ካገኘህ ብረት ትሞላበታለህ፣ ተምሩ እንደገና ከታች ይገባል።»

«አንቺ ሴት፣ የመጣነው ለቦርሳ ነው ለቅዳሴ? እግሬ ነደደ እኮ!»

እኔ ግን የምፈልገውን አውቄያለሁ። ለቀን መንገድ ብዙ ጓዝ አያሻም፤ ውሃ፣ ተምርና አንድ ጨርቅ። የሚይዘው ትንሽ ይሁን፣ ግን ከደረቱ ፊት ይሁን። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር ከዳዊት ማኅደር ብዙም የማይበልጡ ሁለት ቦርሳዎች አወጡ። ከሥራቸው ማግኔት ስላላቸው የነዳጁ ታንከር ላይ ይጣበቃሉ። አንዱ ባለ ዚፕ ነው፤ ተውኩት፣ የካርቱም አቧራ ዚፕ ሲያንቅ ስንቴ አይቻለሁ። ሌላው ክዳኑ ሲሳብ ጨርር ብሎ በሚላቀቅ ጨርቅ ነው የሚዘጋው። ዘለበት የለው፣ ጥርስ የለው።

ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩትና ባሌን ውጣ አልኩት። ጓንትህን አድርግ። ዓይንህን ጨፍን። ቀኝህ መሪው ላይ ይቆይ፣ በግራህ ክፈት። እጅህን አንቀጥቅጠው፣ እንደዚያን ዕለት።

«ሰው እያየን ነው» አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«ይይ።»

እጁን አንቀጠቀጠና ጨርር አደረገው። ባንዴ ተከፈተ። ተመስገን አልኩ፤ ድምፄ ጮክ ሳይል አልቀረም።

«ሐበሻ ቦርሳ ሲገዛ ፈተና ያስፈትናል!» አሉ ሽማግሌው። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ዋጡ። «ሱከሪ አለበት? ታዲያ ይጾማል እንዴ?»

«የንስሐ አባታችን ከልክለውታል» አልኩ፣ ስለ እሱ እኔ መልሼ። እሱ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ያስተካክል ነበር፤ ቀና አላለም።

በማግስቱ ተምሩን ከላይ፣ ውሃውን ከጎን አድርጌ ሸኘሁት። ቀኑን ሙሉ የማሳድገውን ሕፃን እያባበልኩ ልቤ ሲያርፍ ተሰማኝ። ማታ ቦርሳውን ከፈትኩ። ተምሩ እንደደረደርኩት ነው።

«ስኳርህ ሳይወርድ ዋለ?»

«ትንሽ ወርዶ ነበር።»

«እና?»

«እና ምን? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? ደግሞ ገበሬዎቹ ረመዳን ይዘው ምራቃቸውን እየዋጡ ከፀሐይ ሥር ሲቆፍሩ፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ ተምር ላላምጥ?»

«ብላ ብለውሃል እኮ አባታችን!»

«ብለውኛል።» ጫማውን አወለቀ። «አንቺስ? አንቺ እየጾምሽ አይደል?»

ጸሎት ላይ ቆምኩ፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ዓይኔ ግን ጥጉ ላይ የተቀመጠውን ቦርሳ ለቆ አልሄድ አለኝ። በስንት ጥንቃቄ የመረጥኩት ቦርሳ፣ የሚከፍተው እጅ ካልፈቀደ ከባዶ ጨርቅ በምን ይሻላል?

ንጋት ላይ ሞተሩን ሲያስነሣ ወጣሁ። ክዳኑን ስቤ አንድ ተምር አነሣሁና እሱ ፊት በላሁ። ዕድሜዬን በጾም ጠዋት እህል ቀምሼ አላውቅም።

«ይኸው፣ እኔም በላሁ። አሁን ብላ።»

ሊቆጣኝ ነው ስል እጁን ሰዶ አንድ ተምር አነሣ። ወደ አፉ የሚወስደው መስሎኝ ነበር። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና ኪሱን በቁልፉ አጥብቆ ቆለፈው።

«መንገድ ላይ እበላዋለሁ» አለ። እኔን ደስ ይበላት ብሎ መሰለኝ፣ የቦርሳውን ክዳን አንዴ ጨርር አድርጎ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሄደ።

የሞተሩ ድምፅ ከሰፈሩ ሲወጣ የተምሩን ፍሬ በአፌ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እመ ብርሃንን እለምናት የነበረው ስለ አንዲት ትንሽ የሸሚዝ ኪስ ነው፤ ምነው ኪሷንም ሲሰፏት ያለ ቁልፍ ክፍት ባደረጓት፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲገባባት።