ጋቢ ውስጥ ያለች ልጅ

አያቴ አባባ አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሕፃኑ ማንን ይመስላል ብለው አያውቁም። ጋቢያቸውን ገልጠው ደረታቸው ላይ ያስተኙታል፤ እርግብግቢቱን ያሸታሉ። «ልጅ የሚታወቀው ታቅፎ ነው» ይሉ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጣሊያን ጊዜ ነው። እሳቸው አርበኛ ሆነው ዱር ሳሉ ሚስታቸው ከጎረቤቷ ጋር አንኮበር ገደል ሥር፣ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጋ ወለደች፤ ጎረቤቷም እዚያው ወለደች። አባባ ሊያዩ መጡ። ከተኙት ሁለት ሕፃናት አንዷን አንስተው አሸተቱና፣ «ይቺ የኔ ናት፤ ደሜ ነገረኝ» አሉ።

ሚስታቸው ሳቋ አመለጣት። «የርስዎማ ወንድ ነው፤ ያውልዎ። እሷ የጎረቤታችን ናት።»

የልጅቷ አባት ሳያያት ጦርነት ላይ ወድቋል። እናቷ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ አባባ፣ «ተይ፣ ተኝታለች» አሉና ወንድ ልጃቸውን በሌላው ክንዳቸው አቀፉ።

ያቺ ልጅ እናቴ ናት። እስኪድሯት ድረስ «ደሜ» እያሉ አሳደጓት።

አባባ ካረፉ ወዲህ በቤታችን የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሕፃን የኔ ልጅ ናት። ጋቢያቸውን ለብሼ ደረቴ ላይ አስተኛኋት። እርግብግቢቷን ላሸት ጎንበስ ስል የሸተተኝ ግን አባባ ናቸው።