ጭቃው ሳይደርቅ

በዚያ ክረምት የቤታችን ግድግዳ ወደ ልጄ አልጋ ማዘንበል ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤቱ ሁሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር፤ ግድግዳውም እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው ቀስ እያለ ይጎነበሳል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ቀና አላለም። በጣቴ ስነካው ጭቃው ረገፈ። የውስጡን እንጨት ምስጥ በልቶት እንደ በሶ ዱቄት ሆኗል። አልጋውን ጎትቼ ወደ በሩ አስጠጋሁት።

ቤቱ ጅማ መርካቶ ጀርባ፣ አከራያችን ግቢ ውስጥ ነው። እሳቸውን እማማ ነው የምንላቸው። ለኢድ ለልጄ ቀሚስ የሚገዙላት፣ ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «ቤትዎ ሊወድቅብን ነው» ማለት ይከብዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጃቸው ራሱ አየው።

«ይኼማ ፈርሶ ነው የሚሠራው» አለ፣ ምሰሶውን በእግሩ እየገፋ። «በጥቅምት ልቀቂልን።»

«መቼ ያልቃል?»

«እኔ እንጃ። ሲያልቅ ያልቃል።»

በእኛ ሰፈር ለእድሳት ብሎ የወጣ ተከራይ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ቤቱ ሲያምር ለኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሰጣል። የልጄ ትምህርት ቤት ከግቢው ማዶ ነው፤ አባቷ ለሥራ ሩቅ አገር ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣን ወዴት እንደምንገባ አላውቅም።

ቀበሌ ሄድኩ። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ቢሮ ሲባል እፈራለሁ። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ሴት ግን ወንበር ሰጠችኝ። ምሰሶና ጣሪያ ማስጠገን የአከራይ ነው፣ ለጥገና መውጣትም ቤት መልቀቅ አይደለም አለችኝ። «ብቻ ከመውጣትሽ በፊት እንደምትመለሺ በሰው ፊት ተስማሙ።»

እማማን ከሶላት ሲነሱ ጠበቅኳቸው።

«እማማ፣ እወጣለሁ። ግን መመለስ መብትሽ ነው አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ቀበሌ።»

«አላህ ይይልሽ! እኔን መጠየቅ አቃተሽና መንግሥትን ጠየቅሽ?»

የተቀየሙ መሰለኝ። እሳቸው ግን ሁለት ጎረቤት አስጠሩና ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡት። «ጉልቻዋ ከጓዳ አይነሳም» አሉ። ጉልቻ የምንለው ድስት የምንጥድባቸውን ሦስት ድንጋዮች ነው። «ጉልቻው ያልተነሳ ሰው ከቤቱ አልወጣም።»

«እማዬ፣ ሠራተኛ በጉልቻ መሃል እንዴት ይሠራል?» አለ ልጃቸው።

«ዘሎ!»

ልጄን ይዤ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰቃ፣ እህቴ ጋ ገባሁ። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ግቢው ሙሉ ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሽታው ከጭጋጉ ጋር እየተቀላቀለ ራሴን ያዞረኝ ነበር። ቡናውን ሳገላብጥ እጄ እዚያ ነው፤ ልቤ ግን ጅማ። በሆነ ባልሆነው ሚኒባስ ይዤ ቤቱን ላየው እመጣለሁ። አንድ ቀን ግድግዳ የሚባል ነገር አልነበረውም። እንጨቱ ብቻ ቆሞ፣ በመሃሉ ሰማይ ይታያል፤ ሠራተኞቹ ጭቃ ተሸክመው ጉልቻዬን ይዘሉታል። አልጋችን የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ተኝታለች። እዚያ ቤት ውስጥ የኖርኩት በሕልሜ ይሁን በእውኔ ለጊዜው ጠፋብኝ።

ምርጊቱ ባለቀ ማግስት ስመጣ ሁለት ወጣቶች ከልጃቸው ጋር ቆመው ጣሪያውን ያያሉ። አንደኛው የመስኮቱን ስፋት በእጁ ይለካል። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ሰቃ ተመልሼ ፍራሹንና ልጄን ይዤ፣ ሳይመሽ በሚኒባስ ደረስኩ። ገባሁ፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው።

እርጥበቱ ልብሳችንን አሻገተው፤ ልጄም ማሳል ጀመረች። ከጭዱ ጋር ጭቃው ውስጥ የገባው ጤፍ በቀለ። አንድ ጠዋት ልጄ ነቅታ፣ «እማዬ፣ ግድግዳው ፀጉር አወጣ!» አለችኝ። እውነትም ከላይ እስከ ታች ቀጭን አረንጓዴ ነገር ወጥቶበት፣ ስንተነፍስ የሚወዛወዝ ይመስል ነበር።

እማማ መጥተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ! እስኪደርቅ ብትቆዪ ምን ነበረበት? ማን ይወስድብሽ ነበር?»

«ልጅዎ።»

ሳቅ አመለጣቸው። «እሱስ ወላሂ፣ እውነትሽን ነው።»

ልጄን ቀን ቀን እሳቸው ቤት እንድትውል ወሰዷት። «በሩን ክፈችው፣ ነፋስ ያድርቀው» አሉኝ ሲወጡ። ከፈትኩት። ወንበሬን አውጥቼም ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።