ኮረም ተዛውራለች ብዬ የጻፍኳት ልጅ

ይህ የደረሰብኝ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ በበጋ፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሰባዎቹን አጋምሻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የሠርጌን ቀን እንኳ ልጆቼ ናቸው የሚያስታውሱኝ። ይህን ግን ልርሳው ብል አልቻልኩም። ባስታወስኩት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በዙሪያችን ካሉት ከዝቋላ፣ ከሰሃላ፣ ከኒሯቅ ለገበያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ስለሚያርፍ፣ አማርኛንና የአገራችንን የአገው ቋንቋ ኽምጥኛን እኩል እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። አስተማሪ ሆኜ ወደ አገሬ ስመደብ ዲሬክተሩ ቋንቋ መቻሌንና የእጅ ጽሑፌን ወደደልኝ። ጽሑፌ ያምር ነበር። ወዲያው የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ሁሉ በእኔ እጅ ይጻፍ ጀመር። ዲሬክተሩን ዛሬ አንቱ ብዬ አላወራለትም፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከገጠር መጥተው፣ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት ጥግ ተከራይተው፣ ወላጅ በሚልክላቸው ስንቅ የሚማሩ ነበሩ። ስንቁ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ዘገየ፣ በመጨረሻም ቀረ። ከጥምቀት በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ሄዱ።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ አንድ ቅጽ መጣ። ትምህርት ያቋረጡና ለማቋረጥ የተቃረቡ ልጆች ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ምክንያታቸው ተጣርቶ እንዲሞላ ይጠይቃል። ከታች ደግሞ፣ በሚገኘው መረጃ መሠረት ለችግረኞቹ የምግብና የመጠለያ እርዳታ እንደሚታሰብ ይላል። ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ደስ ብሎኝ ነበር። የሚጠይቀን ሰው ተገኘ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደተከራዩባቸው ቤቶች ሁሉ ዞርኩ። ገበያ ቀን ከየአገራቸው የመጡ ሰዎችን እያስቆምኩ ጠየቅኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ትምህርት ያቋረጡት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሆኑ። ከነሱ አንዷ ትርንጎ ወልዱ ትባላለች። የዝቋላ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበረች። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ የሚደርስባት አልነበረም። ስትመልስ ጥቁር ሰሌዳውን ሳይሆን ጣሪያውን ነበር የምታየው።

ያከራየቻት ጠላ ሻጯ እትዬ ታደለች ናት። ስጠይቃት በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፤ «ስንቋ ካለቀ ቆየ። ከእኔ ጋር እንዳትካፈል እኔም ራሴ የለኝም። ባለፈው ሰኞ ‹አገሬ እገባለሁ› ብላ በእግሯ ወጣች። ስትሄድ ያስላት ነበር።»

ይህንኑ ጻፍኩ። በምክንያት ዓምድ ላይ «ረሃብ» አልኩ። ከአሥራ ዘጠኙ በአሥራ ሦስቱ ልጆች ስም ፊት ለፊት የተጻፈው ይኸው ቃል ነበር።

ዲሬክተሩ ቅጹን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«ይሄን ማን ጻፍ አለህ?»

«ቅጹ ነው የጠየቀው፤ ምክንያት ይላል።»

«ስማ ሰይድ፣ ረሃብ የሚባል ቃል ከዚህ ቢሮ አይወጣም። ነገ ከበላይ ‹ረሃብ አለ ያለው ማን ነው?› ቢባል አንተ ነህ ወይስ እኔ የምጠየቀው?»

«ልጆቹ እኮ የሉም፣ ጌታዬ። ምን ልበል ታዲያ?»

«ተዛውረዋል በላ! ተማሪ ይዛወር የለም እንዴ? ኮረም በል፣ ወልድያ በል፣ ላሊበላ በል። ከፋፍለህ አድርገው፣ አንድ ቦታ አታከማቸው።»

ትንሽ ተከራከርኩ። ብዙ ተከራከርኩ ብል ዋሸሁ። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም፤ ማኅተሙ በሱ እጅ ነው፤ ፈራሁ። አዲስ ቅጽ አወጣና ፊቴ አደረገው። እሱ የከተማ ስም እየጠራ፣ እኔ በዚያ ባማረው ጽሑፌ አሥራ ዘጠኙንም ልጆች በተንኳቸው። ትርንጎ ኮረም ደረሳት። በእኛ ሪፖርት ውስጥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰቆጣ አንድም የተራበ ተማሪ አልነበራትም።

አንዱ ቅጂ ተልኮ ሌላው ፋይል ውስጥ ገባ። ዲሬክተሩ እኔንም የኒሯቅን ልጆች ዝርዝር ሰብስበህ ና ብሎ ላከኝ።

ስመለስ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። «የትርንጎ አባት መጥተው ነበር። ከመጡ ሦስት ቀናቸው ነው። አስተማሪውን ሲሉ አንተ የለህም፤ እኔ ፋይሉን አይቼ ‹ልጅዎ ኮረም ተዛውራ እየተማረች ነው› አልኳቸው። እንዴት እንደመረቁኝ ብታይ! ያንኑ ዕለት ወደ ኮረም ሄዱ።»

ጸሐፊው ጥፋት የለበትም። ያየውን ነው ያነበበላቸው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አባቷ ፈልገዋት ከመጡ ልጅቷ ወደ ዝቋላ ብላ ወጥታ አገሯ አልገባችም ማለት ነው። ዝቋላ ወደ ምዕራብ፣ ኮረም ወደ ምሥራቅ። ሰውየውን በእኔ ጽሑፍ ልጃቸው ካለችበት ጀርባቸውን አዙረን ሰደድናቸው።

ለማንም ሳልናገር የአባቴን በቅሎ ጭኜ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ «አዎ፣ አልፈዋል፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው» ይለኛል። አንዲት ሴት «ውኃ ሰጥቻቸው ልጄ ተማሪ ናት እያሉ ሲያወሩኝ ነበር» አለችኝ። ያን ስሰማ በቅሎዋን ገረፍኳት። እሷ ምን አደረገች?

ያገኘኋቸው ኮረም ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ወልዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የጎደጎደ ሰው ናቸው። ከአባቴ ሱቅ ጨው ሲገዙ አውቃቸዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ የማሽላ ቆሎ አለ። ለልጃቸው ነበር ያመጡት።

ሲያዩኝ ተነሡ። «የነጋዴው ልጅ! እሰይ መጣህልኝ። በየክፍሉ አስጠሩልኝ፣ የለችም አሉኝ። አንተ አስተማሪዋ ነህ፣ የት ክፍል እንዳለች ንገራቸው።»

«አያ ወልዱ፣ እዚህ የለችም። ኮረም አልመጣችም።»

«ወረቀቱ ነው እኮ ያለኝ።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ጻፍ ተባልኩና ጻፍኩ። ትርንጎ ተርባ ነው የወጣችው፤ ወደ እናንተ ብላ ነው የሄደችው።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድኩ። አልመቱኝም። በኽምጥኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እኔ ማንበብ አልችልም። ዳኛው ፊት ወረቀት ሲነበብብኝ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት አልችልም። ልጄን የላክኋት ለዚህ ነበር፤ ወረቀት እንዳይዋሸን ብዬ።»

ወዲያው መንገድ ጀመሩ። በቅሎዋ ላይ ውጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ቆሎውን ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ከፍለው ሰጡኝ። ተቀብዬ በላሁት።

ከሰቆጣ አልፈን በዝቋላ መንገድ ቤት ለቤት እየጠየቅን ሄድን። የግማሽ ቀን መንገድ እንደሄድን፣ ከመንገዱ ገባ ያለች መንደር ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስማችንን ሳትጠይቅ አወቀችን። አያ ወልዱን አየቻቸውና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ትርንጎ አሟት መንገድ ዳር ወድቃ ነው ያነሣቻት። ቤቷ አስገብታ የራሷን ልጆች ጉርሻ እየቀነሰች ስታስታምማት ቆይታለች። ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

ሴትዮዋ እንዲህ አለች፤ «ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፣ ወንድሜ። ወደ ዝቋላ በሚሄድ ሰው ላክሁብዎ፤ ከቤት ወጥተዋል አሉኝ። ሰቆጣ ገበያ የሚወርድ ጎረቤቴንም ‹ለትምህርት ቤቱ ንገርልኝ፣ ተማሪያችሁ እዚህ ታማለች በል› ብዬ ላክሁት። ሄዶ ተናግሯል። ‹ስሟን በወረቀት አየነው፤ ያቺ ልጅ ኮረም ናት፣ ተሳስተሃል› ብለው መለሱት።»

ይህን ስሰማ ያደረብኝን ነገር ንዴት ብዬ ልጥራው እንጂ ስም የለውም። ልጅቷ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሆና ድረሱልኝ ብላለች። እኛም «አንቺ እዚህ የለሽም» ብለን መለስንላት። በማስረጃ!

አያ ወልዱ መቃብሩ አጠገብ እስኪመሽ ቆዩ። በማግስቱ አገራቸው ይገባሉ ስል «ወደ ሰቆጣ መልሰኝ» አሉኝ።

ዲሬክተሩ ቢሮ አብረን ገባን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ስለነበር ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ» አለ። አያ ወልዱ አልተቀመጡም።

«ልጄን ከኮረም አውጡልኝ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ወረቀታችሁ ላይ ልጄ ኮረም ናት። ልጄ ኮረም አይደለችም። ሞታለች። መቃብሯን አይቼ መጣሁ። ከዚያ አውጡልኝ።»

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንዳይሰሙት መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሪፖርቱ እኮ ሄዷል። አሁን ቢሰረዝ ሌላው ሁሉ ይመረመራል። ደግሞስ ወረቀት ነው፤ ምን ይጎዳቸዋል? አስረዳቸው» አለኝ።

አላስረዳኋቸውም። ከመደርደሪያው ፋይሉን አወጣሁ። «ኮረም» የሚለውን ሰረዝኩና በላዩ «ተርባ፣ ታማ ሞተች» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ፈረምኩበት። ለአያ ወልዱ በአማርኛም በኽምጥኛም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ዲሬክተሩ ይጮህ ነበር፤ ምን እንዳለ አልሰማሁትም። አያ ወልዱ ጣታቸውን ዘረጉና «የትኛው ነው ስሟ?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ለአፍታ አዩትና ወጥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሱቃችን መጥተው አያውቁም።

የአሥራ ዘጠኙንም ልጆች እውነተኛ ዝርዝር እንደገና ጽፌ፣ የአባቴን ዕቃ በሚያመላልስ ሾፌር እጅ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። መልስ አልመጣም። ለእኔ የመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ «የመንግሥት ሰነድ በማበላሸት» ይላል። ዲሬክተሩ በዓመቱ አደገ።

አንዳንዴ ያንን ቅጽ ያዘጋጀውን ሰው አስባለሁ። በማስመሪያ አስምሮ «ምክንያት» ብሎ የጠየቀን፣ ምናልባት ደግ ሰው ነበር። የእኛን መልስ አንብቦ «ሰቆጣዎች ደህና ናቸው» ብሎ ወደሚቀጥለው ሳያልፍ አልቀረም። እህል ይላክ ነበር ወይ? አላውቅም። ዕድሉን ግን የነፈግናቸው እኛ ነን።

ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማርኩ። በየዘመኑ ቅጽ መጣ፤ በየዘመኑም «አሳምረህ ሙላው» የሚል አለቃ አላጣሁም። አልሞላሁም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር አያ ወልዱ ቆሎውን ይዘው አጥር ሥር ተቀምጠው ይታዩኛል።

ሰው «አንተም ልጅ ነበርክ፣ ታዝዘህ ነው» ይለኛል። አዎ፣ ታዝዤ ነው። «ኮረም» የሚለውን ቃል ግን የጻፈችው የእኔ እጅ ናት፤ አሳምራም ነው የጻፈችው። በዲሬክተሩ እናደዳለሁ፤ በራሴ ደግሞ የባሰ። ማረፉን የሰማሁ ቀን ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ሲል እኔም ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እስከ ዛሬም አላልኩም።