እናቴ በሰንበት ታየች

ወሬው የደረሰኝ ባርኔአ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ የምጠብቃትን አሮጊት ሾርባ እያጎረስኋት ሳለሁ ነው። ስልኬ ጮኸ። አሮጊቷን አፏን ጠርጌ ካስተኛኋት በኋላ የልጄን መልእክት ከፈትሁት። እንደ ልማዷ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ «ኢማ» የምትለው እኔን እናቷን ነው። «ኢማ፣ ሲኒማው የሚመጣውን ወር ፊልሞች አወጣ። አንዱ የእኛ ሰዎች አዲስ አበባ ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳቸውን አውሮፕላን ሲጠብቁ የተቀረጸ ነው። ፎቶውን እስኪ እዪው። ሴትዮዋን እዪያት።»

አየኋት። ነጠላዋን አገጯ ሥር ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ የምትናገር ሴት ናት። እናቴ ናት።

የእናቴ ፎቶ ኖሮኝ አያውቅም። አውሮፕላኖቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው አዲስ አበባ፣ የተከራየናት ክፍል ውስጥ ሞተች። እዚያው ቀበርናት፤ እኔ መጣሁ። ፈረንጆች እንደቀረጿት ግን አውቅ ነበር። የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፌ ውዬ ስመለስ፣ «ዛሬ ፈረንጆች ባለ ካሜራ መጥተው አነጋገሩኝ» አለችኝ።

«ምን አልሻቸው?»

«አልኋቸዋ፣ የምለውን» ብላ ሳቀች።

ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ እየሳቀች እምቢ አለችኝ። ወዲያው ታመመችና ነገሩ በዚያው ቀረ። እንግዲህ ያ የተከፈተ አፍ ምን ሲል እንደነበር ላውቅ ነው ብዬ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስሁ።

ቤት ስደርስ ልጄን «መቼ ነው የሚያሳዩት?» አልኋት።

ፊቷን ወደ ስልኳ መለሰች። «ሻባት» አለች፤ ቅዳሜ፣ ሰንበታችን። «ሻባት ቀትር ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሲኒማ ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ ትንሽ አዳራሽ ነው። ትልልቆቹ የማይፈልጉትን ፊልም ያሳያል ይላሉ፤ እኔ ገብቼበት አላውቅም። ስለ ፊልሙ የጻፉትን ልጄ አነበበችልኝ። በመከራ ውስጥ ሃይማኖታቸውንና ሰንበታቸውን ጠብቀው ስለኖሩ ሰዎች የሚናገር ነው ይላል። ሰንበት ስለጠበቁ ሰዎች የሚያወራውን፣ ሰንበት ሽረው ሊያሳዩን!

በማግሥቱ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ከእኛው ወገን የሆነ ወጣት ነው፤ ዝግጅቱን ያወጣውም እሱ። ዕብራይስጡ አስለምዶት ነው መሰል «አንቺ» ይለኛል።

«እማማ፣ ለእናንተ ብለን እኮ ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ናችሁ። ሻባት ሁሉም ሰው ፓኑይ ነው፣ ሥራ የለውም።»

«ሥራ የሌለን ስለማይሠራበት ነው፣ ልጄ። ወደ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ አድርጉት።»

«ማታውን ሌላ ፊልም ይዞታል። ቲኬቱን ሐሙስ ውሰጂ፤ በእግርሽ ነይ። አንቺ ምንም አትነኪም። ማሽኑን የምናበራው እኛ ነን።»

«ለእኔ ብላችሁ ነዋ የምታበሩት።»

«ኤን ማ ላዓሶት» አለኝ። ምንም ማድረግ አይቻልም ማለቱ ነው። የውሃ ሒሳብ ሲበዛብን ቢሮ ያለችው ሴትዮም የምትለን ይህንኑ ነው።

ልጄ «በስልኬ ቀርጬ አመጣልሻለሁ» አለች። ክፉ አስባ አይደለም። ለእኔ ተብሎ በሰንበት የተሠራ ነገር ለእኔ አይሆንም አልኋት። ተናደደች። «እግዚአብሔር ይህን ያህል ጨካኝ ነው እንዴ፣ ኢማ?» አለችኝ። እናቴ በዚያች ኪራይ ክፍል፣ በትኩሳት እየነደደች፣ ሰንበት ነው ብላ እሳት አታንድጂ ያለችኝ ሴት ናት። ለእሷ ብዬ ሰንበቷን ልሽር?

ሰንበት ደረሰ። ከጸሎት ስንመለስ እዚህ ሺምሾን፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር ያሉት ሴቶች ነጫጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ሲኒማው ተመሙ። አንዷ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ኧረ አንቺ፣ የእናትሽ ነገር አይደለም እንዴ? ምነው ይህን ያህል መጽደቅ!» ብላ አሳቀችብኝ። ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ቀትሩ እስኪያልፍ ድረስ መዝሙረ ዳዊቴን ይዤ ተቀመጥሁ፤ አንድ ገጽ አልገለጥሁም።

ሰንበት ሲወጣ ልጄ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሳቭታን፣ አያቴን፣ አየኋት። ስትስቅ አንቺን ነው የምትመስለው። በጣም ታምራለች።»

«ምን አለች?»

«ብዙ አወራች። ከሥር በዕብራይስጥ ተጽፎ የወጣው ትርጉም ግን ‹ኢየሩሳሌም መሄድ እንፈልጋለን› ነው።»

«ያ ሁሉ ወሬ ይህ ብቻ?»

«እኔ የሷን አማርኛ አልችለውም፤ ትፈጥናለች። ደግሞ ሰዎቹ አላሰሙኝም።» ትንሽ አመነታች። «ስምሽን የጠራች መሰለኝ።»

«እንዴት መሰለኝ ትያለሽ!»

«ጮኹ እኮ፣ ኢማ! ገና ስትታይ ሁሉም ተነሥተው ጮኹ።»

ገባኝ። የእኛ ሰው የሞተ ሰው መልክ ሲያይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አገር ቤት የሟቹን ልብስ ይዘው ሲወጡ እንደምንጮኸው፣ የእናቴ መልክ ግድግዳው ላይ ሲወጣ «እትዬ! እትዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። አከበሯት። አክብረዋት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቅሁትን ድምፅ በለቅሶ ደፈኑት። የኔን ለቅሶ እነሱ አለቀሱልኝ፤ የኔን ድርሻ እነሱ ሊሰሙ ገብተው፣ እነሱም አልሰሙትም።

ሳምንቱን ሙሉ ጠየቅሁ። አንዷ «እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች!» ትላለች። አንዷ ስለ ራሷ አክስት ትነግረኛለች። ያቺ ደረጃው ላይ ቆማ ያሳቀችብኝ፣ «ስለ ውሃ ነው መሰል፤ ብቻ አስለቀሰችን» አለችኝ። ሲኒማው ጋ ደግሞ ደወልሁ። ፊልሙ ወደ ባለቤቶቹ፣ ወደ ውጭ አገር ተመልሷል፤ እንጠይቅልሻለን አሉኝ። እስካሁን እየጠየቁ ነው። የሚመጣው ሰንበት በረዶ አገር ስላሉ አሣ አጥማጆች የሚናገር ፊልም አላቸው፤ እሱን ዝም ብለው ያዩታል።

እንግዲህ እዚያ የነበራችሁ፣ የእናቴን የጎንደር አማርኛ የምትሰሙ፣ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። ቆንጆ ነበረች አትበሉኝ፤ አውቃለሁ። አለቀስን አትበሉኝ። ከለቅሶው በፊት ወይም በለቅሶው መካከል አንዲት ቃል እንኳ ከአፏ ሰምታችሁ እንደሆነ፣ እሷ እንዳለችው አድርጋችሁ፣ ሳታሳምሩ፣ ወደ ዕብራይስጥ ሳትመልሱ አምጡልኝ። ስሜን ጠርታ እንደሆነ ምን ብላ እንደጠራችኝ ንገሩኝ። ያልሰማችሁም አልሰማንም በሉኝ፤ ለማጽናናት ብላችሁ አትፍጠሩልኝ። ከሥራ ስመለስ ቤቴ አለሁ። ብቻ በሰንበት አትደውሉልኝ፤ በሰንበት በእግራችሁ ኑ።